ሰማይ ሰፊው

በሕይወቴ ስንት ጊዜ «እሺ» እንዳልኩ አላውቅም። አራቱን ግን አልረሳቸውም። አንድ ጊዜ ደግሞ «አይ» ብያለሁ፤ ያ ከአራቱም ይብሳል። አንደኛውን እሺ ያልኩት በስልክ ነው። የቀሩትን በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ውስጥ ተናግሬ ጨረስኳቸው። የምነግራችሁ ስለዚያ ቀን ነው።

ስሜ ሐያት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሸዋሮቢት ነው። ስድስተኛን እንደጨረስኩ ትምህርት አቆምኩ፤ የአባቴ ዓይን መድከም ጀምሮ ነበርና ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገባለት ሰው አስፈለገው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ካለ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ አንዲት የስፌት መኪና ነበረችው፤ ከቀወት ገጠር የሚወርደው ሰው ሁሉ «ልብስ ሰፊው ሙሄ» እያለ ነው የሚጠራው።

እኔ ከሰው ጋር መነጋገር አልችልም ነበር። አሁንም ብዙ አልተሻለኝም። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ በሜትር ይለካል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። ደረት ይሄን ያህል፣ ወገብ ይሄን ያህል፣ እጅጌ ይሄን ያህል። ደንበኛው ሰላም ሲለኝ እንኳን የምመልሰው ወደ ደብተሩ እያየሁ ነው።

«የዚችን ልጅ ምላስ የማን ኮት ላይ ነው ቁልፍ አድርገህ የተከልከው?» ይሉት ነበር አባቴን።

«እሷ የምትናገረው እናንተ ስትሄዱ ነው» ይላቸዋል።

እውነቱን ነበር። ሰው ሲሄድ ያንኑ የልክ ደብተር ገልብጬ ከጀርባው በኩል የሌለ ነገር እጽፍ ነበር። ከመነሳቷ በፊት የምትደርስ ባጃጅ። ትናንትን ተሸክማ ገበያ የምትወርድ አህያ። ፍሬው ሲቆረጥ በሞቱ ሰዎች ድምፅ የሚናገር የማንጎ ዛፍ። ሐሳቡ የሚመጣልኝ ጠርዝ ስቀመቅም ነው፤ እጅ ሥራውን ካወቀው ጭንቅላት ሥራ ይፈታል። የሰው ልክ ከፊት፣ የሌለው ነገር ከኋላ እየመጡ አንድ ቀን መሃል ላይ ተገናኙና ደብተሩ አለቀ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። «ምናባዊ ልብ ወለድ ይባላል» ያሉኝ ጋሽ ደምሰው ናቸው። አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ራሳቸውም እንዲህ ያለ አጭር ታሪክ ይጽፋሉ፣ የሌላውን ሰው ደግሞ በቴሌግራም እየተቀበሉ ያርማሉ። የአክስቴ ልጅ የተወልኝ አሮጌ ስልክ ነበረኝ። ገጹን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ እሳቸው በቀይ አስምረው ይመልሱልኛል። ስለ አህያዋ የላክሁትን ሲመልሱ «የመጀመሪያውን አንቀጽ ቁረጪው፤ ታሪኩ የሚጀምረው አህያዋ አልራመድም ብላ ስትቆም ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን ተቀየምኳቸው። ከዚያ ቆረጥኩት፤ ልክ ነበሩ። ሦስት ዓመት እንዲህ አስተማሩኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ይህን የምለው ወደፊት በምነግራችሁ ነገር እንዳትፈርዱባቸው ነው።

አሁን ስለዚያች ታሪክ ልንገራችሁ። ከኛ ከተማ ሆናችሁ ወደ ጣርማ በር ገደል ቀና ብትሉ፣ ክረምት ላይ ጉሙ እዚያ ተከምሮ ሲዘንብ ታያላችሁ። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴን «ዝናቡ ለምን ወደኛ አይወርድም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሰማዩ ገደሉ ላይ ተቀዶ ነዋ፤ ውሃው እዚያው ፈስሶ ያልቃል» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን አስራ አምስት ዓመት አልረሳሁትም። በታሪኬ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ መርፌውን ይዞ ይነሳል፤ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ገደሉ ጫፍ ወጥቶ የተቀደደውን ሰማይ መስፋት ይጀምራል። ክሩ ያልቅበታል። ኩታውን ተርትሮ ይሰፋል፤ እሱም ያልቃል። በመጨረሻ የዓይኑን ብርሃን እንደ ክር ስቦ አውጥቶ በእሱ ይጨርሰዋል። ታች እኛ ጋ፣ ይፋት ላይ ዝናብ ይወርዳል። ሰውየው በዳበሳ ወደ ቤቱ ይመለስና ልጁን «ዘነበ እንዴ?» ይላታል። «ዘነበ» ትለዋለች። «ምን ይመስላል?» ይላታል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ርዕሱን «ሰማይ ሰፊው» አልኩት፤ ውስጡም ሰውየውን «ሰፊው» እንጂ «ልብስ ሰፊ» ብዬ አልጠራሁትም። ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ከተባለ፣ ሰማይ የሚሰፋም ሰማይ ሰፊ ነው። ለእኔ ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም።

ለአባቴ የነገርኩት ታሪኩ ጋሽ ደምሰው በሚያዘጋጁት መጽሐፍ እንዲወጣ መመረጡን የሰማሁ ዕለት ነው። መርፌውን እያቀበልኩት፣

«አባ፣ አንተን ጽፌሃለሁ» አልኩት።

«ልኬን?»

«ታሪክህን።»

«እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ?»

«ሰማይ ትሰፋለህ።»

መኪናዋን አቁሞ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀና፣ «በስንት ጥቅል ክር?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጨርቅ ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ መናገር ጀመረ። «ልጄ በመጽሐፍ ልታወጣኝ ነው። ሰማይ ስሰፋ።» ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ገበሬ ሁሉ ሰማ። «ታዲያ የኔን ሱሪ ከሰማዩ በፊት አድርሰው» ይሉታል።

ጋሽ ደምሰው ስልክ የደወሉት በዚያው ሰሞን ነው። በረንዳው ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ የጎረቤት ወፍጮ ይጮኻል።

«ሐያት፣ ርዕሱ ላይ ቃላቱ ተገላብጠውብሻል። አስተካክዬዋለሁ። ‹ሰፊው ሰማይ›፣ አይደል?»

እዚህ ላይ ድምፃቸውን ብትሰሙልኝ ደግ ነበር፤ ፊደላችን ይህን አያሳይም። አራተኛ ክፍል ሳለን መምህር ጌታቸው የሚባሉ አስተማሪያችን «ሲጠብቅና ሲላላ» ብለው አስተምረውናል። ሰፊ፣ ሲላላ፣ የሚሰፋው ሰው ነው። «ፊ» ስትጠብቅ ግን ስፋት ያለው ነገር ይሆናል፤ ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ቤት እንደምንለው። ጋሽ ደምሰው አጠበቁት። የኔን ጽሑፍ በዓይናቸው እንጂ በጆሯቸው ሰምተውት አያውቁም፤ እኔም አንዲት መስመር በድምፅ አንብቤላቸው አላውቅም።

ትልቅ ሰው «አይደል?» ሲል የኛ አገር ልጅ መልስ አንድ ነው።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ርዕስ ብቻ ነው፣ አንባቢዎች ውስጡን ሲያነቡ ይገባቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ አባቴ ታመመ። ሆዱ እያበጠ፣ ፊቱ እየከሳ ሄደ። ደብረ ብርሃን ድረስ ወሰድነው፤ ጉበቱ ነው፣ ቤቱ ይሁን ብለው መለሱን። መኪናዋን ጨርቅ አልብሰን በረንዳው ላይ ተውናት። አልጋ ላይ ሆኖ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «መጽሐፉ አልደረሰም?» ይለኛል።

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ደምሰው ደወሉ። መጽሐፉ ታትሟል፤ እሳቸው ወደ ደሴ ይዘውት ሊሄዱ ነው፤ ነገ ጀውሃ ላይ ምሳ ስለሚበሉ መጥቼ እንድወስድ ነገሩኝ። ለአባቴ ነገርኩት። በጉልበቱ ቀና ሊል ሞከረና አልቻለም።

«ይዘሽው ስትመጪ ራስሽ ታነቢልኛለሽ» አለኝ። «ስታነቢ ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ጀውሃ ወረድኩ። ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ምግብ ቤቱ በሾፌሮች ተሞልቷል። ጋሽ ደምሰውን በፎቶ ስለማውቃቸው ለየኋቸው፤ ካሰብኩት ያጥራሉ፣ ይከሳሉም። አንድ ካርቶን እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ለእኔ ትልቅ ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም።

«እዚህ ያለው ሥጋ የክርስቲያን ስለሆነ ሽሮ አዘዝኩልሽ» አሉኝ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ሾፌራቸው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ደራሲ እንዲህ ዝም ይላል እንዴ? እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ደራሲ ጭኜ ጆሮዬ ሊወልቅ ነው።»

ጋሽ ደምሰው ስቀው ካርቶኑን ከፈቱና አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። መሃሉ ላይ በትልቁ «ሰፊው ሰማይ» ይላል።

«የአስራ አንድ ሰው ታሪክ አለበት» አሉኝ። «የመጽሐፉን ስም የሰጠሽው ግን አንቺ ነሽ። ሠዓሊውም ያንቺን አንብቦ ነው የሣለው።»

እጄ ላይ የነበረው ነገር ከበደኝ። ገልጬ የኔን ፈለግሁ። ባገኘሁት ገጽ ላይ መርፌዋን ፈለግሁ፤ የለችም። ዋሻው አለ፤ የሚያልፍበት ግን ደመና ነው። «ሰማዩን ሰፋው» ያልኩት «ሰማዩ ሰፋ» ሆኗል። ሁለት ፊደል ናቸው የወጡት። ከሁለቱ ጋር ሰውየው አብሮ ወጣ።

ጋሽ ደምሰው ሲያዩኝ የተደሰትኩ መሰላቸው። መጽሐፉን ተቀብለው ጥቂት መስመር ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ በሚያምር ድምፅ፣ አጥብቀው። «መርፌዋን አወጣኋት» አሉ ቀና ብለው። «ሰማይ መርፌ ምን ያደርግለታል? ልጅቷ ደግሞ ትንሽ አደናገረችኝ፤ ሰማይ ልጅ የለውም ብዬ ንፋስ አደረግኋት። ራሱን እየተረተረ አገሩን ሁሉ የሚያለብስ ሰማይ። ከየት አመጣሽው ግን?»

አንገቴን ደፋሁ። «ሰማዩ አይደለም፣ ሰውየው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ሙሉውን ደርሶ ነበር። ቃሉ ሁሉ ተሰድሯል። የጎደለው ድምፅ ነው።

«ቅር የሚልሽ ነገር ካለ ደግሞ ንገሪኝ፤ ሁለተኛ እትም ላይ እናርመዋለን። እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

ያኔ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ሽሮውን ይዘው መጡና ፊቴ ላይ አጎነበሱ። «አንቺ፣ የልብስ ሰፊው የሙሄ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ» አልኩ በአፌ ውስጥ።

«ተሻለው?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«የሰርጌን ቀሚስ የሰፋልኝ እሱ ነው» አሉ ለጋሽ ደምሰው። «ሃያ ዓመቱ። ቀሚሱ አንድ ክር አልተተረተረም፤ የተተረተርኩት እኔ ነኝ። እግዜር ይማርህ በይው» ብለው ሄዱ።

ሾፌሩ ሳቀ። ጋሽ ደምሰው ግን አልሳቁም። የቆረሱት እንጀራ እጃቸው ላይ ቀርቷል። ከንፈራቸው «ሰፊው» እያለ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንዴ ያላሉታል፣ አንዴ ያጠብቁታል። መጽሐፉን በግራ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ሐያት።»

«አቤት ጋሼ።»

«አባትሽ ልብስ ሰፊ ናቸው?»

«አዎ።»

«ይሄ... ይሄ ሰፊው ያልሽው...» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰማዩ ነው አይደል? ወይስ...»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በብዙ መንገድ አስቤዋለሁ። ጊዜው ረጅም ነበር። ወጥ እየቀዘቀዘ፣ ውጭ አንድ ከባድ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ፣ ሾፌሩ እጁን እየጠራረገ። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አጥፊው ራሱ «ያጠፋሁ እንደሆን ንገሪኝ» ብሎ እየለመነኝ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ዓይናቸውን ነው። ፈርተው ነበር። ካርቶኑን አየሁ። ሽፋኑን አየሁ። ሦስት ዓመት ያስተማሩኝን ሰውዬ በሾፌራቸው ፊት ላሳፍራቸው ነው አልኩ።

«አይ፣ ሰማዩ ነው» አልኩ። «ሰፊው ሰማይ።» በገዛ አፌ አጠበቅኩት።

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «አስደነገጥሽኝ እኮ» አሉና መብላት ቀጠሉ።

«ለአባትሽ ልፈርምላቸው» አሉ ሊሄዱ ሲሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለአቶ ሙሄ፣ ለሰፊው ሰማይ ደራሲ አባት» ብለው ጻፉ። ሌላ ሁለት ጨመሩልኝ። መኪናቸው ወደ ደሴ ሲታጠፍ ሾፌሩ ከመስኮት ብቅ ብሎ «ደህና ሁኚ ዝምተኛዋ» አለኝ።

በሚኒባስ ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መጽሐፉን እገልጣለሁ፤ የማነበው ግን የራሴን ነው። አባቴ ገጹን ማየት አይችልም፣ እናቴ ፊደል አታውቅም። ማን ያውቃል? ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቃሌ መለማመድ ያዝኩ፤ መርፌውን፣ ኩታውን፣ ዋሻውን። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ከንፈሬን አይተው «ዱዓሽን ይቀበልሽ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኳቸው። ዱዓ ነበር።

ቤት ስደርስ የአስር ሶላት ተሰግዷል። በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ጠያቂ ሞልቷል። ጎረቤቶች፣ የበረንዳው ደንበኞች፤ ከአልጋው አጠገብ ደግሞ መምህር ጌታቸው፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬ፣ በዱላቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። አባቴ ሁሉንም ነግሯቸው ኖሯል።

«መጣች፣ መጽሐፉ መጣ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል፤ ፊቱ ግን የልጅ ሆኗል። «በሉ ዝም በሉ። ሰማይ ስሰፋ ልትሰሙ ነው።»

ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ገለጥኩ። አስራ ምናምን ሰው ያየኛል። «ሰማይ ሰፊው» አልኩ፣ አላልቼ። ጥሩ ጀመርኩ። «ሰፊው መርፌውን አነሳና...»

«አልሰማሁም» አለ አባቴ።

ደገምኩት። ድምፄ ከቅድሙም አነሰ። መምህር ጌታቸው ወደ ገጹ ተጠጉና መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«እንዲህ አይልም እኮ» አሉ። «‹ሰፊው ሰማይ› ነው የሚለው። መርፌ የት አለ እዚህ? ደንግጣለች ልጅቷ። አምጪው እኔ ላንብበው፤ በሽተኛው ይስማ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። መጽሐፉን ሰጠኋቸው።

አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ያነበበ ድምፅ ነው። እያንዳንዱን የሚጠብቀውን አጠበቁ፣ የሚላላውን አላሉ። ታሪኩ አምሮ ነበር፤ ጠላት ብሆን እንኳን አልክደውም። አባቴ ትራሱ ላይ እንደተኛ ቀኝ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አኑሮ ነበር። አንቀጽ በተጀመረ ቁጥር እጁ ትንሽ ወደፊት ትሄዳለች፤ ጨርቅ ወደ መኪና ስትገፋ እንደምትሄደው። አሁን እኔ እመጣለሁ ብሎ ይጠብቃል። አንቀጹ ያልቃል። እጁ ትመለሳለች። ደግሞ ሌላው ይጀመራል።

ንፋሷ «ምን ይመስላል?» ተባለች፤ መምህር ጌታቸው መጽሐፉን ዘጉ።

ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን፣ በክፋት ሳይሆን በየዋህነት፣ «ታዲያ ሙሄ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አሁን ብናገር ኖሮ ማንም አይቆጣኝም ነበር። ያፈርኩላቸው ጋሽ ደምሰው እንኳን በዚያ ሰዓት ደሴ ደርሰዋል። የራሴ ታሪክ ያለበት ደብተር ከጭንቅላቴ በላይ ሳጥኑ ላይ ነበር። ምንጣፉን አየሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አባቴ። «ዓይኔ ብቻ አይደለም፣ ጆሮዬም ደክሟል ለካ። እሷ ስለ ሰማይ ጻፍኩ ነው ያለችኝ፤ ራሴን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «ሰፊ ሰው መቼም ጨርቅ ባየበት ሁሉ እጁን ያስገባል።»

ሰዎቹም ለእሱ ብለው ሳቁ። ኀፍረቴን ለመሸፈን የታመመ ሰው ራሱን ገለጠ።

ለመግሪብ ሲነሱ ብቻችንን ቀረን። እጁን ዘረጋልኝ፤ ያዝኩት።

«ሐያት።»

«አቤት አባ።»

«ቆንጆ ነው። ሰማዩ ቆንጆ ነው።» አንድ ነገር እንደቀረው አወቅሁ። «የኔው ሌላ ጊዜ ይወጣል፤ አይደል?»

«እሺ አባ» አልኩት።

ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አንደበቱ ተያዘ። እሑድ ቀበርነው። ሁለቱን ቀን ደብተሩን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ አልጋው ሥር ተቀምጬ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ቁርኣን ይቀራል፤ ቁርኣን በሚቀራበት ቤት ተረት ልታነብ የምትነሳ ሴት ልጅ ምን ትባላለች? እንዲህ ብዬ ነው ራሴን ያታለልኩት። እውነቱ ግን ቤቱ ባዶም ቢሆን አላነብም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም የሌለ ነገር አልጻፍኩም። በረንዳው ላይ መኪናዋን የምሠራባት እኔ ነኝ። ጠርዝ ስቀመቅም ሐሳብ ይመጣል፤ እስኪያልፍ ድረስ እጠብቀዋለሁ። ጋሽ ደምሰው ግን አልተዉኝም፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ የጀማሪዎችን ታሪክ እየላኩልኝ እኔ አርማለሁ። ሥራዬን ወደውታል። ልጆቹ ግን ያማርሩኛል፤ ምክንያቱም ታሪካቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምፅ አንብበው ካልላኩልኝ አንድ ፊደል አልነካም። አንዷ ከአጣዬ የምትጽፍ ልጅ «አፍራለሁ፣ በጽሑፍ ብቻ ተቀበይኝ» ብላ ለመነችኝ። አልተቀበልኳትም። ክፉ ነሽ አለችኝ። ይሁን።

አባቴ ስፌት ሲያስተምረኝ «ክሩን አታጥብቂው፣ ጨርቁን ይቀደዋል» ይለኝ ነበር። ስለ ክር ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ደምሰው፣ ይህን ካነበቡት፣ ጀውሃ ላይ የጠየቁኝን ነው የምመልስልዎት። ሰማዩ አልነበረም። በዚያ ቀን ከሁላችንም ልብ ያሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እትም አይኖርም፤ ቢኖርም የሚሰማው ሰው የለም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ይህን ጽሑፍ ስትጀምሩ ርዕሱን አጥብቃችሁ ሳታነቡት አልቀራችሁም። አልፈርድባችሁም፤ ፊደሉ አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ተመለሱና ርዕሱን አንድ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ አላልታችሁ አንብቡልኝ። እኔ አልቻልኩም።